ፓርከር የተባለው ብዕር



ሰኔ 30 ሲቃረብ የሒሳብ ክፍላችን ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል፤ ሒሳብ መዝጋትና ንብረት መቁጠር። የመጀመሪያውን ተቀምጠን እንሠራዋለን። ሁለተኛው ጉንፋን ያስይዛል። ዘንድሮ መጋዘኑን ስንቆጥር፣ እግራቸው ከተሰበረ ወንበሮችና ከማይሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ኋላ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ። ውስጡ ማኅበራችን ሲመሠረት የተከፈተው የቁጠባ መዝገብ ነበር፤ አብሮትም በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ጥቁር የቀለም ብዕር።

ቆጠራውን የምንሠራው ሦስት ሴቶች ነን፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ገንዘብ ያዧና የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ። ሦስታችንም በእስክሪብቶ ያደግን ነን፤ የቀለም ብዕር የምናውቀው በትልልቅ ሰዎች የኮት ኪስ ላይ ነው። ይህኛው በንብረት መዝገባችን አልሰፈረም፣ መለያ ቁጥርም የለውም። ኦዲተሩ «ይህስ የማን ነው?» ቢለን የምንመልሰው አልነበረንም። ስለዚህ ወደ ማኅበሩ የመጀመሪያ ገንዘብ ያዥ ቤት ሄድን። እዚህ ስማቸውን ትተን፣ እንደ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» እንላቸዋለን።

«እሱማ የባለቤቴ ፓርከር ነው» አሉ፣ ጨርቁን ገና ሳንፈታው። ባለቤታቸው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጸሐፊ ነበሩ፤ ካረፉ ወደ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። «ማኅበሩ ሲቋቋም መፈረሚያ እንኳ አልነበረንም። ከቤት አመጣሁት፣ እዚያው ቀረ።»

ቀጥለው ያሉት ከበደን። የልጅ ልጃቸው አዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው አግኝቷል፤ ዕቃው ፓርከር ከሆነ ደህና ገንዘብ ይሰጣል። የእማማን ግራ ዐይን ደግሞ ሞራ ሸፍኖታል። «እናንተ የተማራችሁ ልጆች እውነተኛ መሆኑን እዩልኝና ይሸጥ፤ ለዐይኔ ይሁነኝ» አሉን። የተማራችሁ ሲሉ ዲፕሎማችንን ማለታቸው ነው። ዲፕሎማችን ውስጥ ስለ ብዕር አንድ ገጽ የለም። ቢሆንም እሺ ብለን ይዘነው ወጣን።

የመጀመሪያው ነገር ስም መፈለግ ነበር። ቀፎው ላይ ምንም አልተጻፈም። ክዳኑ ነጭ ብረት ነው፤ ኪስ ላይ የሚያዘው ክፍል ቢጫ ሆኖ ቀስት ይመስላል። ቀስት የፓርከር ምልክት መሆኑን ከአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሰማንና ደስ አለን። መምህሩ ግን ወዲያው አቀዘቀዙን፤ «ቀስቱን ማንም ይሠራዋል። ብዕር የሚታወቀው ከውስጡ ነው፤ ቀለም የሚጠጣበትን መንገድ እዩ» አሉ። ይህን ምክር ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ነበረብን።

ብዕር የሚለው ቃል ከግዕዙ ብርዕ የመጣ ነው፤ ብርዕ ሸምበቆ ወይም አገዳ ማለት ነው። የእኛ አገር ቁም ጸሐፊ መቃውን አግድም ቀርጦ፣ ጫፉን ሰንጥቆ፣ ከቀለም ቀንዱ እየነከረ ብራና ላይ ይጽፋል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ይጠበቃል። በእኛው ስምጥ ሸለቆ፣ ከባቱ በጀልባ የሚደረስበት የቱሉ ጉዶ ደሴት ደብረ ጽዮን ገዳም በዚህ መንገድ የተጻፉ የብራና መጻሕፍት ዛሬም አሉት። የደሴቱ ሰዎች አባቶቻቸው በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚያ እንደተጠለሉ ያወሳሉ። ከእኛ አንዷ ደሴቱን አይታዋለች፤ ከሁሉ የገረማት የፊደሉ ውበት ሳይሆን ጸሐፊው ስንት ጊዜ እጁን ወደ ቀንዱ መልሶ ይሆን የሚለው ነበር። ጥቂት ፊደል ጽፎ መንከር፣ እንደገና ጥቂት ጽፎ መንከር ነው።

የቀለም ብዕር የተፈለሰፈው ይህን ምልልስ ለማስቀረት ነው። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ቀለሙን ብዕሩ ሆድ ውስጥ መክተት። ችግሩ ግን የጀሪካን ችግር ነው። ሙሉ ጀሪካን ስትደፉት ውኃው እኩል አይወርድም፤ አየር ልግባ እያለ ስለሚታገለው አንዴ ይቋጠራል፣ አንዴ ቧ ይላል። ብዕርም እንደዚያ ነበር፤ ወይ ይደርቃል፣ ወይ ወረቀቱ ላይ ይተፋል። ፔትራኬ ፖየናሩ የተባለ ሮማንያዊ እ.ኤ.አ. በ1827 ፓሪስ ሆኖ የራሱን ቀለም የያዘ ብዕር በስሙ አስመዝግቧል። ሥራውን አስተማማኝ ያደረገው ግን የኒው ዮርኩ ልዊስ ዋተርማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ባስመዘገበው ብዕር ከጫፉ ሥር ጠባብ ጠባብ ቦይ አበጀ፤ በቦዩ ቀለም ሲወርድ አየር ይወጣል። ዛሬም የትኛውንም የቀለም ብዕር ብትፈቱ ያ ቦይ አለ።

ፓርከርም የመጣው ከጥገና ነው። ጆርጅ ፓርከር በአሜሪካ ጄንስቪል በምትባል ከተማ የቴሌግራፍ አስተማሪ ነበር። ለተማሪዎቹ ብዕር ይሸጥላቸዋል፤ ብዕሮቹ ሲያፈሱ ይመልሱለታል፣ እሱም ይጠግናል። በመጨረሻ መጠገን ሲሰለቸው እ.ኤ.አ. በ1888 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ይህን ስናነብ ጀማሪ መሆናችን ትንሽ ቀለለን።

ወደ መምህሩ ምክር እንመለስ። አሮጌ ብዕር ቀለም የሚጠጣበት መንገድ ዕድሜውን ይናገራል። የጥንቶቹ በጠብታ ይሞላሉ። ከእነሱ ቀጥሎ የመጡት ጎናቸው ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አላቸው፤ ምላሱ ሲነሣ ውስጥ ያለውን የላስቲክ ከረጢት ይጫነዋል፣ ሲመለስ ከረጢቱ ቀለም ይስባል። ይህን መንገድ ያስፋፋው ሼፈር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ነው። ላስቲኩ በዘመን ብዛት እንደ ደረቀ እንጀራ ስለሚሰባበር እንዲህ ያለ ብዕር ያገኘ ሰው ከረጢቱን መለወጡ አይቀርም። የጀርመኑ ፔሊካን ደግሞ ከ1929 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጭራውን በማዞር የሚስብ ብዕር አወጣ፤ አሠራሩ እንደ ሐኪም መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ለገበያ የቀረበው ፓርከር 51 ጫፉን በቀፎ ሸፍኖ መጣ፤ ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም እዚያው ጫፉ ላይ እንዳይደርቅበት ነው። ከ1948 ወዲህ የተሠሩት ደግሞ ከቀፎው ሥር በብረት ሽፋን ውስጥ የተቀመጠ የፕላስቲክ ከረጢት አላቸው፤ በጣት ደጋግሞ መጫን ብቻ ነው። ያ ፕላስቲክ ከላስቲክ ይልቅ ዕድሜ ስላለው ዛሬም ሳይለወጡ የሚሠሩ አሉ።

የእማማ ብዕር ጫፉ የተሸፈነ ነው። ቀፎውን ብንፈታው የብረት ሽፋንና የፕላስቲክ ከረጢት እንደምናገኝ ተስፋ አደረግን። አልፈታ አለ። እዚህ ላይ ያጠፋነውን እንናገር፤ የንብረት ክፍላችን ፒንሳ አመጣች፣ ሌሎቻችንም አልከለከልናትም። ቀፎው ላይ ሁለት ጥርስ ቀረ። ዛሬም ያሳፍረናል። ኋላ መምህሩ እንዳሳዩን ለብ ባለ ውኃ ግማሽ ቀን ዘፍዝፈን፣ ለመጨበጫ የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ጠቅልለን በእጃችን ስናዞረው ያለ ጉልበት ተፈታ። ውኃው ለብ ያለ ብቻ ይሁን። የፈላ ውኃ ፕላስቲኩን ያጣምማል፤ ከጠንካራ ላስቲክ የተሠሩትን የድሮ ብዕሮች ደግሞ ጥቁር ቀለማቸውን ገፎ ቡናማ ያደርጋቸዋል። አልኮልም አይነካው፣ ፕላስቲኩን ይበላል።

ውስጡ እንደጠበቅነው ነበር፤ የብረት ሽፋንና ከረጢት። ደስታችን አንድ ሌሊት ቆየ።

ብዕሩን በብርጭቆ ውኃ ዘፍዝፈን ቢሮ ትተነው ሄድን። ጠዋት ስንገባ ብርጭቆው ሰማያዊ ሆኗል። ለውጠን ብንዘፈዝፈው እንደገና ሰማያዊ። አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨመርን፣ ለሦስት ቀን ውኃ እየለወጥን ከረጢቱን ተጫንነው። እየወጣ ያለው ቀለም ከሠላሳ ዓመት በፊት መዝገቡ የተፈረመበት ቀለም ነው። ስለዚህ ውኃው እስኪጠራ ስንጠብቅ መዝገቡን ማንበብ ጀመርን።

በመጀመሪያዎቹ ገጾች ስሞቹ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ ናቸው። ከስሙ ጎን ያለው ፊርማ ሳይሆን በማኅተም ቀለም የታተመ የአውራ ጣት አሻራ ነው። የሒሳብ ሰዎች ስለሆንን አሻራ ሲበዛ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መጻፍ የማይችል ሰው በአሻራ እንዲፈርም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ሕጉ የወጣው ያልተማረውን ሰው ከአታላይ ለመጠበቅ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ለአንዲት ጉልት ቸርቻሪ ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። ትንሽ ብድር ለመዋዋል ከገበያ ቀርታ፣ ትራንስፖርት ከፍላ፣ ወረፋ ይዛ በሹም ፊት መቆም አለባት። ፊደል የቆጠረችው ጎረቤቷ እዚያው ቢሮ ፈርማ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ገጹ እየተገለጠ ሲሄድ አሻራው እየሳሳ ሰማያዊ ፊርማ ይበዛል። አንዳንዱ ፊርማ ሙሉ ስም ነው፣ ተጨንቆ የተጻፈ፣ ከመስመሩ የወጣ። መሥራቾቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ስም መጻፍ ያስተምሩ እንደነበር ሲወራ እንሰማ ነበር፤ እዚህ በዓይናችን አየነው። ሌላም ነገር አስተዋልን። በዕድሜ የገፉት አባሎቻችን አፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ ሆኖ የሚፈርሙት በግዕዝ ፊደል ነው፤ ሴቶች ልጆቻቸው ግን በቁቤ። ምክንያቱ በመዝገቡ ውስጥ የለም፣ በታሪክ ውስጥ አለ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች አስተምሯል፤ የኦሮምኛው መማሪያም የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። በትምህርት ቤት በቁቤ መማር የተጀመረው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ነው። እናትና ልጅ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ በሁለት ፊደል ይፈርማሉ፤ የእኛ መዝገብ ሁለቱንም ይዟል።

በአራተኛው ቀን ውኃው ጠራ። ጫፉን በአጉሊ መነጽር ስናየው ስንጥቁ ዳር የዝገት ነጥብ አለ። የፓርከር 51 ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ 14 ካራት ወርቅ ነው፤ ወርቅ አይዝግም። ረከስ ብሎ የተሸጠው ዓይነት የብረት ቅይጥ ጫፍ ስለነበረው በዚህ ብቻ አልፈረድንም። ወደ ክዳኑ ተመለስን። ከንፈሩ አካባቢ የጠፋ ጽሑፍ የመሰለ ጭረት ነበር። መምህሩ «እንዳትወለውሉት፤ የተወለወለ ጽሑፍ አይመለስም» ብለው አስጠንቅቀውናል። ጠመኔ ፈጭተን በጣታችን ቀባነው፣ በደረቅ ጨርቅ ጠረግነው፣ መብራቱን ወደ ጎን አዞርነው። ጠመኔው በጭረቶቹ ውስጥ ቀረና ፊደል ወጣ። ፓርከር በላቲን ስድስት ፊደል ነው። እኛ ያገኘነው አራት ነው፤ ሂሮ።

ሂሮ የሻንግሃይ ብዕር ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1931 በሌላ ስም ተቋቁሞ ከ1966 ወዲህ ነው ሂሮ የተባለው፤ ጀግና ማለት ነው። ከሠራቸው ብዕሮች መካከል ፓርከር 51ን አስመስለው የተሠሩ አሉ፤ ጫፋቸው ተሸፍኗል፣ ቀስትም አላቸው፣ በጣት እየተጫኑም ይሞላሉ። ዋጋቸው ዝቅተኛ ስለነበር በብዙ ድሃ አገር የተማሪና የመምህር ብዕር ሆነዋል። መጥፎ ብዕሮች አይደሉም። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ግን ለዐይን ሕክምና የሚበቃ ገንዘብ አይሰጥባቸውም።

ሦስታችንም ለመናገር ፈራን። ስለዚህ መጀመሪያ ጥገናውን ጨረስን፤ ቢያንስ የሚጽፍ ብዕር ይዘን እንሂድ ብለን። ከረጢቱን ውኃ ውስጥ ስንጫነው አረፋ የወጣው ከጫፉ ብቻ ነው፤ ቀዳዳ የለውም ማለት ነው። የጫፉ ሁለት ጥርሶች አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ ስለነበር ወረቀት ይቧጭር ነበር፤ በጥፍር ቀስ እያልን አስተካከልነው፣ በመነጽር እያየን፣ ደግሞም እያስተካከልን። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሒሳብ ሲዛነፍ አንድ ሳንቲም ከመፈለግ ብዙ አይለይም። ስንጥቁን በስስ የናስ ቅጠል ጠረግነው። ቀለሙ ለቀለም ብዕር ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። የማኅተም ቀለም ወፍራም ነው፣ የሥዕል ጥቁር ቀለም ደግሞ ሙጫ አለው፤ ሁለቱም ቦዩን ይደፍኑታል። የቁም ጸሐፊዎቻችን የጥላሸት ቀለምም ለመቃ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ሰማያዊ ቀለም በጠርሙስ ከአዲስ አበባ አስመጣን፤ ደረሰኙ ከኪሳችን ተከፍሏል፣ የማኅበሩ ሒሳብ ላይ አልወጣም።

እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁን። የመጀመሪያው ስኒ እስኪጠጣ ድረስ ዝም አልን። ከዚያ ገንዘብ ያዣችን ነገረቻቸው፤ «እማማ፣ ፓርከር አይደለም። የቻይና ነው። ሂሮ ይባላል።»

ብዕሩን ተቀብለው በቀኝ ዐይናቸው አጠገብ አደረጉት። ብዙ ቆዩ።

«እንግዲያው የኔ ነው» አሉ።

አልገባንም ነበር። ቀስ ብለው ነገሩን። ዘመቻው ሲታወጅ ሠላሳ ዓመታቸው ነበር፤ ልጅ አዝለው ማታ ማታ ቀበሌ ይማሩ ነበር። ጨርሰው የምስክር ወረቀት ሲይዙ ባለቤታቸው ገንዘብ ሰጥተው «አንቺም እንደኔው ብዕር ግዢ» አሏቸው። ገንዘቡ ለፓርከር የሚበቃ አልነበረም፤ ባለሱቁ የሚመስለውን ሰጣቸው። የባለቤታቸው ፓርከር የተገዛው በደጉ ጊዜ ነው። ወንጂን ያቋቋመው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ነው፤ ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፣ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሰ። ሰውየው በኩባንያው ጊዜ ደመወዝ መዝገብ ላይ ይሠሩ ነበር፤ ወር በወር የሠራተኛ ስም ሲጽፉ የሚውሉበት ብዕር ነው። ሁለቱ ብዕሮች ቁም ሣጥን ላይ በአንድ ኩባያ ይቀመጡ ነበር። ባለቤታቸው ሲያርፉ ከዘመድ አንዱ ለመታሰቢያ ብሎ አንዱን ወሰደ።

«የሱን ትተው የኔን የወሰዱ መስሎኝ ነበር» አሉ እማማ። ትንሽ ቆይተው «ወይም እንዲመስለኝ ፈልጌ ይሆናል። የሱ ነው ስል ሰው ያከብረዋል፤ የኔ ነው ብል ማን ይሰማኛል?» ብለው ሳቁ።

የዐይናቸው ነገር በዚህ አልተፈታም። የብድር ማመልከቻ ሞልተንላቸው በሐምሌው የኮሚቴ ስብሰባ አጀንዳ ላይ ይዘነዋል። ብዕሩ የግላቸው ስለሆነ ልንመልስላቸው አስበን ነበር፤ እሳቸው ግን ከመዝገቡ አይለይ አሉ። ስለዚህ የንብረት ገቢ ማድረጊያ ሞዴል 19 አወጣን። የነጠላ ዋጋ ዓምድ ላይ ችግር ገጠመን፤ ደረሰኝ የለም፣ የተገዛበትም ዋጋ አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ንብረት በዓምዱ ላይ ባዶ ላለመተው በ1 ብር እንመዘግባለን፣ እንደዚያው አደረግን። የሁኔታ ዓምድ ላይ «የሚሠራ፣ ቀፎው ላይ ሁለት የፒንሳ ጥርስ ያለው» ብለን ጻፍን። አስረካቢ በሚለው ቦታ የንብረት ክፍላችን ቀድማ የባለቤታቸውን ስም አስፍራ ነበር። እማማ አስነብበው ሰሙና «ሰርዢው፣ የኔን ጻፊ» አሏት። ሰርዛ ጻፈች፤ ስርዙ ላይም እንደ ደንቡ አጭር ፊርማዋን አኖረች።

ፊርማቸውን በራሱ በብዕሩ አኖሩት። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም በመዝገቡ ላይ ካለው ፊርማ ጋር አንድ ነው፤ የመጨረሻውን ፊደል ጭራ ዛሬም ወደ ታች ይስቡታል። እኛ የእስክሪብቶ ልጆች ስለሆንን ወዲያው ፓዱን ልንዘጋ ስንል እጃችንን ያዙት።

«ቆዩ እንጂ፣ ይድረቅ» አሉና ጎንበስ ብለው እፍ አሉበት።